የአባባ አዴሎ አረንጓዴ ሻይ

ልጅ ሳለሁ፣ እኛ ሰፈር ማሻ ውስጥ፣ ተረት የሚወራው ውሃ እስኪበርድ ነበር። ይህን ስናገር ተማሪዎቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ጎረቤታችን አባባ አዴሎ አጠገባችን ካለው የሻይ እርሻ ጡረታ የወጡ ነበሩ። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ የፈላውን ማንቆርቆሪያ ከፍሙ ላይ አውርደው ጥግ ካለው ድንጋይ ላይ ያስቀምጡና፣ ፋኖሱን ለኩሰው፣ «በይ እንግዲህ፣ እስኪበርድ» ብለው ይጀምሩልኝ ነበር። ዝናቡ ኮባው ላይ ይወርዳል፣ ጭሱ በዝናቡ ታፍኖ በረንዳቸውን ይሞላል፣ ዓይናችንንም ያስለቅሳል፣ እኔ ግን ያኔ ከዚያ በረንዳ የሚበልጥ ቦታ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ውሃው የሚበርደው ለአረንጓዴ ሻይ ነው። አባባ አዴሎ እርሻው ውስጥ ይሠሩ በነበረበት ጊዜ አንድ ጃፓናዊ ባለሙያ ለጥቂት ሳምንታት መጥቶ ነበር አሉ። እርሻው የሚያውቀው ጥቁሩን ሻይ ብቻ ነው፤ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ይፈጫል፣ ይጠቁራል። ሰውየው ግን ለጋውን ቅጠል እንደተቀጠፈ በእንፋሎት አሙቆ፣ በእጁ እያሸ፣ አረንጓዴነቱን ሳይለቅ አደረቀው። ሲሄድ ከአገሩ ይዞት የመጣውን ሻይ በትንሽ ቆርቆሮ አድርጎ ለአባባ አዴሎ ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ እኒህ ሰው አንድ ነገር ብቻ ያዙ፤ በጓሯቸው ካሉት ጥቂት የሻይ ቁጥቋጦዎች ያንኑ ጣዕም ማውጣት።

ቅጠሉን በጠዋት ይቀጥፋሉ፣ የፈላ ድስት ላይ ወንፊት አስቀምጠው በእንፋሎት ያሙቁታል፣ ከዚያ ለብ ባለ ብረት ምጣድ ላይ መዳፋቸው አረንጓዴ እስኪሆን ያሹታል። ሰፈሩ ግን አልተቀበላቸውም። እናቴ አንዴ ቀምሳ «ጎመን የተቀቀለበት ውሃ ነው፣ ያውም ያለ ጨው» ብላ ሲኒውን መለሰች። እኔም መጀመሪያ እሳቸውን ላለማስቀየም ብዬ ነበር የምጠጣው። ኋላ ግን ለመድኩት። መጀመሪያ ዝናብ ያባራለት ሣር ይሸታል፤ ከዚያ እንደ መረቅ ያለ ነገር አፍ ይሞላል፤ ከምላስ ዳርና ዳር ትንሽ ምሬት ብቅ ትልና፣ ወደ ቤቴ ስሮጥ ጉሮሮዬ ላይ ጣፋጭ ነገር ይቀራል።

ሕጉ ሁለት ነበር። ውሃው እየፈላ አይፈስበትም፤ ቅጠሉም ውሃ ውስጥ አይቆይም፣ ከቆየ ይመራል። አባባ አዴሎ ሰዓት አልነበራቸውም፤ ሰዓታቸው እኔ ነበርኩ። አንደኛ ክፍል ስለነበርኩ ፊደል ገና እንደ ውሃ ጠጥቼ መጨረሴ ነው። ውሃው ቅጠሉ ላይ ሲፈስ «ሀ ሁ ሂ» ብዬ በሆዴ እጀምራለሁ፤ እሳቸው ተረቱን ይቀጥላሉ፤ «ቆ» ላይ ስደርስ «ደረሰ!» እላለሁ። ያኔ አባባ አዴሎ ጅቡ ዘሎ አየር ላይ ቢሆን እንኳ እዚያው ይተዉትና ሻዩን ይቀዳሉ። የቀረው ነገ ማታ ነው። በዚህ የተነሣ በንዴት ያልተኛሁበት ሌሊት ብዙ ነው።

ቆርቆሮዋን ግን ማንም አይነካም። እኔ የምጠጣው የጓሯቸውን ነው፤ ከጃፓኑ ሻይ የደረሰኝ ሽታው ብቻ ነው፣ እሱም በበዓል ቀን። በየዓመቱ ጥቂት ቆንጥረው ከራሳቸው ሻይ ጋር እያስተያዩ፣ «ገና ነው» እያሉ፣ በመጨረሻ አንዲት ቁንጥር ቀረች።

አንድ ማታ ሁለት ጣሳ ጎን ለጎን አስቀመጡ። በአንዱ ያቺን የመጨረሻ ቁንጥር፣ በሌላው የዘንድሮ ቅጠላቸውን አደረጉ።

«የዘንድሮው ይለያል፣ አስቴርዬ። ደርሼበት እንደሆነ ዛሬ ምላሴ ይነግረኛል። አደራሽን፣ አቆጣጠርሽን እንዳትስቺ።»

ያን ሰሞን የያዙልኝ ተረት ሦስተኛ ማታው ነበር። አንድ ማር ቆራጭ ረጅም ዛፍ ላይ ወደ ሰቀለው ቀፎ ይወጣል፤ ዛፉም አብሮት ያድጋል። በወጣ ቁጥር ምድር ትርቃለች። ትንሿ ልጁ ከሥር ሆና ትጣራለች፣ ድምፅዋ አይደርሰውም። ውሃው በረደ፣ ሁለቱም ጣሳ ላይ ፈሰሰ፣ እኔም «ሀ ሁ» ጀመርኩ። «ቆ» ላይ ስደርስ ልጅቷ የአባቷን መጥረቢያ አንሥታ ከግንዱ ሥር ቆማ ነበር። እንደደረሰ አውቃለሁ። አፌን ግን ዘጋሁ። «በ ቡ ቢ»ን አለፍኩ፣ «ተ ቱ ቲ»ንም አለፍኩ፣ ፊደሉን ጨረስኩት። አባባ አዴሎ አምነውኝ ዞር ብለው እንኳ ወደ ጣሳዎቹ አላዩም። ተረቱ ሲያልቅ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው፣ «ደረሰ» አልኩ።

አንዱን ቀመሱ። ሌላውን ቀመሱ። ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። ፋኖሱ ፊታቸውን እያሳየኝ ነበር፤ ባያሳየኝ በወደድኩ።

«ሁለቱም መረሩኝ» አሉ ቀስ ብለው። «አንቺ ምን ታደርጊ፣ ምላሴ ነው ያረጀው። ጣዕም የማይለይ ሰው ምኑን ሻይ ሠራው?»

አሳልፌ መቁጠሬን ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ፤ ነገም ነገ አልኩ። እሳቸው ከዚያ በኋላ ቅጠል አልቀጠፉም። ቁጥቋጦዎቹ ሳይገረዙ አድገው ከአጥር በላይ ሆኑ። ተረቱንም አልከለከሉኝም፣ ግን የሚጠብቁት ውሃ ስላልነበረ ቶሎ ይደክማቸዋል። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ሞቱ። ለልቅሶ መጥቼ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ እዚያም አልተናገርኩም።

ባለፈው ክረምት፣ አሁን በማስተምርበት በሚዛን፣ ከጃፓን ሥልጠና የተመለሰች ባልደረባዬ ትንሽ እሽግ ሻይ ወደ መምህራን ክፍል ይዛ መጣች። ውሃው እስኪበርድ ጠበቅን፣ ቀዳችልኝ፣ አንዴ ፉት አልኩ። የአባባ አዴሎ የጓሮ ሻይ ነበር። ያው ሣሩ፣ ያው መረቁ፣ ያቺው ጉሮሮ ላይ የምትቀረው ጣፋጭ ነገር። ባለሙያ ቢቀምሰው ልዩነት ያገኝለት ይሆናል፤ እኔ ግን በዚያ ሻይ ነው ያደግኩት።

«ምነው፣ መረረሽ እንዴ?» አለችኝ።

«ኧረ አልመረረኝም» ብዬ እዚያው መምህራን መካከል አለቀስኩ።

ያ ማር ቆራጭ ከዛፉ እንዴት እንደወረደ ዛሬ አላስታውስም። ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፣ አይመጣልኝም። ሰው የሞተበትን ሲናፍቅ ድምፁን አንዴ ብሰማው ይላል፤ እኔ ግን አባባ አዴሎን የምናፍቃቸው እሳቸው እንዲሰሙኝ ነው። ሠርተውት ነበር። ያንን ለማወቅ የቀራቸው አንድ ጉንጭ ሻይ ነበር፤ እሱንም እኔ ወሰድኩባቸው።