የማሽላ ጠባቂው ጥሪ

አባቴ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ለእረፍት ወሰደን፤ እሱንም ምነው ባልወሰደን እላለሁ። ጊዜው ንጉሡ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ሸዋ ሮቢት፣ ከወንዙ ዳር፣ አንድ ባለርስት ፊታውራሪ ለአዲስ አበባ ሰው መዝናኛ አሠርተው ነበር። ስሙን «የገበሬ መንደር» ብለውታል። አባቴ ከሚሠራበት መሥሪያ ቤት አለቆቹ ሄደው ስላደነቁለት እሱም ካልሄድኩ ብሎ ዓመት ሙሉ አወራልን።

እውነቱን ለመናገር የሚያምር ቦታ ነበር፤ ይህም ያናድደኛል። ክብ ክብ ጎጆዎች፣ የሣር ክዳን፣ የጭቃ ግድግዳ፤ ውስጣቸው ግን የብረት አልጋና ነጭ አንሶላ። ጎጆዎቹ የማሽላ ቤት፣ የጥጥ ቤት፣ የሰሊጥ ቤት ይባላሉ። እኛ የደረሰን የሰሊጥ ቤት ነው። አስተናጋጆቹ ቁምጣና ሽርጥ ታጥቀው በባዶ እግር እንዲያገለግሉ ታዘዋል፤ ጫማቸውን ኩሽናው ጀርባ ደርድረው ሲገቡ በዓይኔ አይቻለሁ። ከተሜው ገበሬ ልይ ብሎ መጥቷል፣ ገበሬ የመሰለ ሰው ደግሞ ጫማውን አውልቆ ይታይለታል።

በግቢው ዳር ትንሽ የማሽላ እርሻ አለች። ሰው የማይበላው፣ ለዓይን ብቻ የተዘራ ማሽላ ነው። መሀሏ ላይ በአራት ረጃጅም እንጨት የቆመ ማማ አለ፤ የቆላ ገበሬ ወፍና ጦጣ የሚጠብቅበት ከፍ ያለ መደብ ማለት ነው። በየምሽቱ አንድ ሰው እዚያ ላይ ይወጣና ጅራፍ ያጮሃል፣ በወንጭፍ ድንጋይ ይወረውራል፣ እንግዳውም ፎቶ ያነሳዋል። የፍየል ለምድ አልብሰውታል፤ ራሱንና ፊቱን በሻሽ ጠቅልሏል።

እናቴ በመጀመሪያው ምሽት ከሩቅ አይታው «በዚህ ሐሩር ለምድ የሚለብስ ገበሬ የት አይተዋል?» አለችና ፊቷን አዞረች። ከዚያ ወዲያ በዚያ ሰዓት ከጎጆዋ አትወጣም ነበር።

የእናቴን ነገር ልንገራችሁ። እሷ የዚያው አገር ልጅ ናት። የተወለደችበት የቀወት መንደር ከወንዙ ማዶ ነው፤ በእግር ቢሄዱ ምሳ ሳይደርስ ተመልሶ የሚመጣበት። አባቴ ግን ለሰው «ባለቤቴ የደብረ ሲና ልጅ ናት» ነበር የሚለው። ደጋው ይሻለዋላ! ቆላ ያሉት እንደሆነ ጭሰኛ የሚል ቃል ይከተላል፤ ጭሰኛ ደግሞ ለከረባቱ አይስማማም። እናቴ ይህን ስትሰማ ዝም ትላለች፤ እኔ በልጅነቴ እውነት መስሎኝ ደብረ ሲናን ስናልፍ የአያቶቼን ቤት በመስኮት እፈልግ ነበር።

ከወላጆቿ የተረፈላት አንድ ታናሽ ወንድም ብቻ ነው። አዝላ ያሳደገችው፣ ማማ ላይ አብራው ወፍ የጠበቀች። ከእናታቸው ቀብር ወዲህ አልተያዩም። ወደዚህ እረፍት እሺ ብላ የመጣችውም ለእሱ ብላ እንጂ የጭቃ ጎጆ ናፍቋት አይደለም፤ ከጭቃ ጎጆ የወጣችውማ ስንት ተምራ ነው። ክረምቱን ሙሉ ራሷ ፈትላ ያሠራችውን ኩታ በነጠላ ቋጥራ ይዛለት መጣች። ቋጠሮው አልጋው ራስጌ ተቀምጦ ሰነበተ።

«ዛሬ እንሻገር?» ትላለች ጠዋት ጠዋት።

አባቴ ምክንያት አያጣም። መጀመሪያ መኪና ነድቶ ደክሞት ነው። ቀጥሎ ወንዙ ለልጆች ያሰጋል፤ ወንዙ እኮ ኅዳር ላይ ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ቀጥሎ ወባ አለ። ወባ! እኛን ኪኒን እያስዋጠ ወንዝ ዳር ያስተኛን ሰው፣ ወንዝ ማዶ ሲሆን ወባ ታየው። አንድ ቀን ደግሞ ፊታውራሪ ምሳ ጠርተውት ነው። እሷም «እንግዲህ ነገ» ትላለች። ያ «እንግዲህ ነገ» የሚለው ቃሏ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

አንድ ነገር ግን እኔ አይቼ ነበር። በደረስን ማግስት በማለዳ፣ ከኩሽናው ጀርባ፣ አባቴ ጅራፍ ትከሻው ላይ ከጣለ ሰው ጋር ቆሞ ያወራል። ሰውየው ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ይነቀንቃል። «ማነው አባዬ?» ብለው «ዘበኛው ነው» አለኝ። ዘበኛ ነው ካለ ዘበኛ ነው፤ እኔም ረሳሁት።

የመጨረሻዋ ቀን መጣች። እናቴ በጠዋት ተነስታ ለብሳ ጨረሰች። «ከሰዓት በኋላ፣ ጠራራው በረድ ሲል» አላት። ከምሳ በኋላ ተኛ። ሲነሳ ከጎረቤት ጎጆ ሰዎች ጋር ካርታ ያዘ። እሷ በሩ ላይ ቆማ ፀሐይዋን ታያለች። ከማንም ጋር አልተጣላችም፤ እንዲያው ቆማ ታያለች። ፀሐይ ወደ ተራራው ስትጠጋ አባቴ እጁን እያፋተገ መጣና «በይ እንግዲህ፣ ፊታውራሪ ራሳቸው የሚገኙበት የስንብት እራት ነው፤ መቅረት ነውር ነው። ወንድምሽን በሌላ ጊዜ እናየዋለን» አላት።

«በሌላ ጊዜ» አለች እናቴ፣ ቃሉን ቀስ አድርጋ። ከዚያ ቋጠሮዋን አንስታ ተከተለችው። እራት ላይ ቋጠሮ ይዛ ስትቀርብ አባቴ በዓይኑ ተቆጣት፤ እሷ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ጠረጴዛው ከማሽላው እርሻ ጥግ ተዘርግቷል። ፊታውራሪ መሀል ተቀምጠዋል፤ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሹሙም ነጋዴውም ዙሪያውን ከቧቸዋል። እሸት በፍም ይጠበሳል፣ ጠጅ ይቀዳል። የመዝናኛው ኃላፊ፣ ሱፍ የለበሰ ወፍራም ሰው፣ ተነስቶ «አሁን ደግሞ ለክቡራን እንግዶች የቆላ ጠባቂ ጀንበር ስትጠልቅ እንዴት እንደሚያደርግ እናሳያለን» አለ።

ማማው ላይ ያለው ሰውዬ ጅራፉን አጮኸ። እንግዳው አጨበጨበ። ወንጭፉን አሽከረከረና ድንጋዩን ወደ ወንዙ ላከው፤ እንግዳው አሁንም አጨበጨበ።

«ጥሪውስ?» አለ ኃላፊው። «ጥሪውን አሰማ እንጂ!»

ሰውዬው ወንጭፉን መጠቅለል ጀመረ። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ቃል ወጥቶት አያውቅም፤ ጥርሱን ያመዋል ተብሎ ነበር።

«አንተ! አትሰማም? ክቡራን እየጠበቁ ነው።»

ጥሪው ምን እንደሆነ እናቴ ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ስንት ጊዜ አጫውታናለች። ጀንበር ስትጠልቅ ጠባቂ ሁሉ ከማማው ከመውረዱ በፊት ይጣራል፤ «ሰው አለ ወይ?» ይላል። ባጠገቡ ያለው ማማ «አለሁ!» ብሎ ይመልሳል። መልስ ሳይሰማ የሚወርድ የለም። መልስ የጠፋ እንደሆነ እባብ ነድፎታል ወይም ከማማ ወድቋል ማለት ነውና ሁሉም ሥራውን ጥሎ ይሮጣል። ጥሪ ሰምቶ ዝም ማለት ሰው እንደ መግደል ነው። በድንበር የተጣላ፣ በደም የሚፈላለግ እንኳ በዚያች ሰዓት «አለሁ» ይላል፤ ጠቡን ነገ ይቀጥላል።

ሰውዬው ሻሹን ከአፉ ዝቅ አደረገና ጮኸ።

«ሰው አለ ወይ?»

ድምፁ ረጅም ነው፤ መጨረሻው ላይ ይሰበራል። ከወንዙ ማዶ መልስ አልመጣም። ማማ የለማ! ማዶውን ሁሉ የፊታውራሪ ትራክተር አርሶት ጥጥ ሆኗል። እናቴ ያንን አታውቅም ነበር። ሰውዬው ደገመ።

«ሰው አለ ወይ?»

ከእንግዶቹ አንዱ፣ ጠጅ የሞቀው ነጋዴ፣ «የለም!» ብሎ ጮኸ። ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። ፊታውራሪም ሳቁ። አባቴም ሳቀ።

እናቴ ተነሳች። ወንበሯ ወደቀ። እናቴ በቤታችን ውስጥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ሁለት እጇን አፏ ዙሪያ አድርጋ «አለሁ!» ስትል እኔ ራሴ ደነገጥኩ። ድምፁ ከሰውዬው ድምፅ ጋር አንድ ነው። መጨረሻው ላይ እኩል ይሰበራል።

ሳቁ ቆመ። ማማው ላይ ያለው ሰው ጅራፉ ከእጁ ወደቀ።

ኃላፊው ግራ ገባውና ወደ ላይ አንጋጦ «ምንህ ናቸው? ታውቃቸዋለህ?» ሲል ጠየቀ።

ሰውዬው አባቴን አየው። እናቴን ሳይሆን አባቴን ነው ያየው። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ «አላውቃቸውም ጌታዬ። እኚህን እመቤት አይቻቸውም አላውቅ» አለ።

አንቱ አላት። ጀርባዋ ላይ ያደገ ልጅ እህቱን እኚህ እመቤት አላት። ያን ጊዜ የአባቴን ፊት አየሁት፤ ፈገግ ብሎ ነበር። ትንሽ ፈገግታ ናት፤ የተፈራ ነገር ያለ ጉዳት ሲያልፍ የምትመጣ ዓይነት። አባቴ ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ ብዙ ነገሩን ይቅር ብዬዋለሁ፤ ያችን ፈገግታ ግን እስከዛሬ ይቅር አላልኳትም፣ ወደፊትም አልልም።

እናቴም አየቻት። ነገሩ ሁሉ ያን ጊዜ የገባት ይመስለኛል። ተረከዘ ሹል ጫማዋን አውልቃ ሰሃኑ አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለትና ቋጠሮዋን ይዛ ወደ ማሽላው ገባች።

«ተመለሺ! ሰው ፊት ነው ያለሽው!» አለ አባቴ በታፈነ ድምፅ።

የማማውን መሰላል ስትወጣ የሐር ቀሚሷ በእንጨቱ ተይዞ ተቀደደ። ላይ ስትደርስ ለምዱን ከትከሻው ገፋ አደረገችና ወደ ታች ወረወረችው። ኩታውን ፈትታ አለበሰችው። እሱ ጉልበቷን ይዞ ያለቅሳል። «አንተ ልጅ፣ ማን ከልክሎህ ነው?» ስትለው ታች ድረስ ይሰማል።

«ጋሼ ናቸው፣ እትዬ። ‹እህትህን ሰው ፊት አታሳፍራት፤ ካወቀችህ እንጀራህም ይቀራል› አሉኝ። ፊታውራሪ መሬቱን ከወሰዱብን ወዲህ ያለኝ ይቺ ማማ ናት።»

እናቴ ቀና ብላ ወደ ጠረጴዛችን ዞረች። እጆቿን አፏ ዙሪያ አደረገች።

«ሰው አለ ወይ?»

ማንም አልሳቀም። አባቴ ሰሃኑን ያያል። እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት ጭኔን በጠረጴዛው ሥር ቆንጥጦ ያዘኝ። «አለሁ!» አልኩ። አጥብቆ ቆነጠጠኝ። «አለሁ፣ እማዬ!» አልኩ፣ እያለቀስኩ። ቁንጥጫው ጠቁሮ ሰንብቶ ነበር፤ በኩራት ነው ያየሁት።

ያን ሌሊት እናቴ ወደ ሰሊጥ ቤት አልመጣችም። ወንድሟ ከከብት በረት ጥግ ያጠለላት ዳስ ውስጥ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር አደረች። ጠዋት ስትመጣ ዓይኗ አብጧል፣ ቀሚሷ ጭስ ጭስ ይላል። መኪናው ውስጥ ከኋላ፣ ከእኛ ጋር ተቀመጠች። ጣርማ በርን አልፈን ብርዱ ሲመታን አባቴ «ልጆቹን አልብሻቸው» አለ፤ ቀድማ አልብሳን ነበር።

አጎቴን በማግሥቱ አባረሩት። እንግዳ አሳፍሯል ተባለ። አሳፋሪው እሱ ሆኖ ተገኘ፣ አይገርምም? ጥጥ ለቀማ ብሎ ወደ አዋሽ ወረደ። እናቴ ሰው በላከች ቁጥር አንዱ ታሟል ይላል፣ ሌላው ሌላ እርሻ ሄዷል ይላል፤ በኋላ ወባ ጨርሶታል የሚል ወሬ መጣ። መቃብሩን ያየ የለም። እናቴ ግን ከል ለብሳ ዓመቱን አወጣች፤ አባቴም ለጠየቀው ሁሉ «ሩቅ ዘመዷ ነው» ይል ነበር።

አባቴ በስተርጅናው ዓይኑ ጠፋ። ከረባቱም አለቆቹም በአብዮቱ ቀርተዋል። ቀኑን ሙሉ አልጋው ላይ ይቀመጥና፣ መምሸቱ በብርዱ ሲታወቀው፣ ከጓዳ እንደ ሕፃን ይጣራል፤ «ሰው የለም ወይ? ኧረ ሰው የለም?»

እናቴ ሳሎን ተቀምጣ እንዝርቷን ታሾራለች። እኔ ልጠይቃቸው በመጣሁ ቁጥር ያንን ጥሪ እሰማለሁ፤ በሰማሁ ቁጥር አፌ ላይ የሚመጣው የነጋዴው መልስ ነው። እሷ ግን እጇ ሳይቆም፣ አንድም ቀን ሳታስደግመው፣ «አለሁ» ትለዋለች።

አንድ ቀን አላስችል አለኝ። «እንዴት ትመልሺለታለሽ? እሱ ነው እኮ አጎቴን ዝም ያሰኘው!» አልኳት።

እናቴ እንዝርቷን አቁማ አየችኝ። «እሱ የማማ ልጅ አይደለ፣ አያውቅ ይሆናል። እኔ እያወቅሁ ዝም ልበል?» አለች። ከጓዳ ደግሞ ሲጣራ ሰምታ ተነሳችና ኩታ ልትደርብለት ገባች።