በዱባ የተፈተነ ካራ

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። መካነ ሰላም ውስጥ ስንቱን ትከሻ፣ ስንቱን ወገብ ለክቻለሁ! ካራም በሰው ልክ ይሠራል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ያሰብኩት ተናድጄ ነው። ደህና ደህና ሐሳብ የሚመጣልኝ ስናደድ ነው፤ የሚያውቁኝ ሁሉ ይህን ያውቃሉ።

ነገሩ የጀመረው በገና ቅርጫ ላይ ነው። በሰፈራችን አሥራ ሁለት አባወራ ተዋጥቶ አንድ በሬ ያርዳል፤ ሥጋውን በአሥራ ሁለት መደብ የሚያካፍሉት አባቴ ናቸው። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ሌላ ሰው ሲያካፍል አላየሁም። ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም፣ ከጎድኑም ለየመደቡ እኩል ሲያደርሱ ዕጣ ይወጣል፤ የትኛውም መደብ ቢደርሰው የሚያጉረመርም የለም። "የእሳቸው እጅ ሚዛን ነው" ይላል ሰዉ። አባቴ ሌላ ሀብት የላቸውም፤ ያላቸው ይህ ስም ነው።

በዚያ ገና ካራው ከእጃቸው ወደቀ። አንዴ ቢሆን ማን ከቁም ነገር ይጥፈዋል? ሦስት ጊዜ ወደቀ። ቁርጥማት ቀኝ እጃቸውን ከያዛቸው ሰንብቷል፤ ጣቶቻቸው እስከ ግማሽ ይታጠፉና እዚያው ይቀራሉ። ጎረቤታችን፣ ጎልማሳ ነው፣ ክፋትም የለበት፣ ካራውን አንስቶ ጠረገና "ጋሼ፣ ለፋሲካ እኔ ላካፍል፤ እርስዎ ይረፉ" አላቸው። አባቴ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። ቤት ከገባን በኋላ ግን "ይረፉ አለኝ እኮ! እንግዲህ መሞት ብቻ ነው የቀረኝ" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ።

ደሜ ፈላ። በጎረቤታችን አይደለም፣ በካራው ነው። አነሳሁና ገላብጬ አየሁት። አባቴ በጎልማሳነታቸው ከከላላ ገበያ የገዙት ነው፤ ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ፣ ዛሬም ጢም የሚላጭ ስለት አለው። እጀታው ግን ከአውራ ጣቴ እምብዛም የማይወፍር ቀጭን እንጨት ነው። ያ የማይታጠፍ እጅ ይህን ክር እንዴት አድርጎ ይያዘው? ኮቱ ለጠበበው ሰው "ኮቱ እንቢ ካለህ ራቁትህን ሂድ" ይባላል እንዴ? ኮቱ ነው እንጂ የሚሰፋው! ይህ ሲመጣልኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አልቻልኩም።

በማግሥቱ የዳቦ ሊጥ ጠንከር አድርጌ አቦካሁ። ስለቱን በጨርቅ ጠቀለልኩት፣ እጀታውን በሊጥ አወፈርኩትና ወደ አባቴ ሮጥኩ።

"አባዬ፣ ይህን ይያዙልኝ።"

"ምን ጉድ ነው ደግሞ?"

"ይያዙት እንጂ! ሥጋ እንደሚቆርጡ አድርገው።"

"በእህል አይቀለድም" ብለው ተቆጡ፤ ተቆጥተውም ያዙት። አቤት ደስታዬ! የትኛው ጣት የት እንደሚያርፍ፣ የማይታጠፉት ሁለቱ ጣቶች የት ላይ መደገፊያ እንደሚፈልጉ፣ ሁሉም ሊጡ ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሊጡን ፀሐይ ላይ አደረቅሁት፤ ጫፉን አይጥ ቀመሰችብኝ እንጂ ቀሪው እንደ ድንጋይ ጠነከረ።

ይዤው ወደ ወግዲ መውጫ ካለው ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ሄድኩ። "ምነው እህቴ፣ ዳቦ ልትሸጪልኝ መጣሽ?" ብሎ ሳቀብኝ። ነገሩን ስነግረው ግን ሳቁን አቁሞ ሊጡን በጣቱ ይዳስስ ጀመር። "አብሽሪ!" አለኝ፤ "ከቀንድ ነው የምሠራልሽ። አገር የሚያየው!" ሠራውም። ቀንዱን በእሳት አለስልሶ በሊጡ ልክ ቀረጸው፣ በአመድ ወለወለው። ጥቁር፣ የሚያንጸባርቅ፣ ፊት የሚያሳይ ሆነ። መንገዱን ሙሉ ከነጠላዬ ሥር እያወጣሁ እያየሁት ገባሁ።

ታዲያ ያን ጊዜ ዓቢይ ጾም ገብቶ ነበር። የሥጋ ካራ በጾም በምን ይሞከራል? በዱባ! ያገኘሁትን ጠንካራውን ዱባ አባቴ ፊት አስቀመጥኩ። ያዙት፤ ልክክ አለላቸው። ዱባውን ሳያስቡት አሥራ ሁለት ቦታ ከፈሉት፣ አንዱ ካንዱ የማይበልጥ። "እሰይ! እሰይ አባዬ!" ብዬ ዘለልኩ። ያን ሰሞን ዱባ ወጥ ያልበላ ጎረቤት የለም። አባቴም ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ስለ መጪው የፋሲካ በሬ ቀለም ሳይቀር ማውራት ጀመሩ።

አንድ ቀን የስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ ብዬ እጅጌ ስዘመዝም አንድ ነገር ብልጭ አለብኝና ፔዳሉ ላይ እግሬ ቀረ። ዱባ ስብ የለውም! ሥጋ የሚያካፍል ሰው እጁ እስከ ክርኑ ስብ ነው። እንዴት ይህን ረሳሁ? በጾም መሀል ስብን ማን ያስታውሰዋል? ሮጬ ቤት ገባሁ፣ የአባቴ መዳፍ ላይ የኑግ ዘይት አፈሰስኩና "አሁን ይቁረጡ" አልኳቸው። ካራው እንደ ሳሙና ሙልጭ ብሎ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተተከለ።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሉ አባቴ። ሳቅ የለበትም። እጃቸውን ጠረጉና "በቃ ልጄ፣ ሰውየው ያካፍል" አሉኝ።

እኔ በቃ የሚባል ነገር አይገባኝም። ስታመስ አደርኩና ጧት ሱቄን ስከፍት መልሱ መደርደሪያው ላይ ተጣጥፎ ጠበቀኝ። ሐር ከትከሻ ይንሸራተታል፤ አቡጀዲ ግን ሻካራ ስለሆነ ይይዛል። ጥፋቱ የውበቱ ነው! ሱቁን መልሼ ዘጋሁና ወደ ቀጥቃጩ በረርኩ።

"ከወይራ ሥራልኝ። ደግሞ እንዳታለሰልሰው፤ ሞረዱ የቧጨረው እንዳለ ይቅር።"

"ስሜን ልታጠፊ ነው? ያልለሰለሰ ሥራ ከእጄ አይወጣም።"

"ከለሰለሰ ደግሞ አባቴ እጅ አይቆይም!"

ተጯጯህን። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ አየን። በመጨረሻ እያጉረመረመ ወይራውን በሊጡ ልክ ጠረበ፣ የካራውን ጭራ አግሎ እንጨቱ ውስጥ እያጨሰ ሰካው፣ ሞረዱንም አግድም ጎተተበት። "የማን ሥራ ነው ብለው ቢጠይቁሽ አላውቀውም በይ" ብሎ ሰጠኝ። እጄ ላይ ዘይት አፍስሼ ሞከርኩት፣ ደግሜ አፍስሼ ሞከርኩት፤ ወላሂ ንቅንቅ አላለም!

አባቴ ግን አዩትና ፊታቸው ጠቆረ። "ይሄማ አባጣ ጎባጣ ዝንጅብል ነው። ገና ሲያዩት እጁ ዝሏል ይሉኛል። ይህን ይዤ ሰው ፊት አልቀርብም።"

"ከእጅዎ ሲወድቅስ ምን ሊሉ ነው?" አልኳቸው።

አፌን በቆረጠው! ቃሉ እንደወጣ ነው የጸጸተኝ። ካራውን ከእጄ ወስደው አልጋቸው ሥር ወረወሩት፤ እስከ ፋሲካ ድረስ ስለ ካራ ማናችንም ትንፍሽ አላልንም።

የፋሲካ ለት ጧት በሬው ተጥሎ፣ ቆዳው ተዘርግቶ፣ ቅጠሉ ተነጥፎ ነበር። የድርሻችንን ሥጋ መያዣ ሳፋ ታቅፌ ዳር ቆምኩ። ጎረቤታችን የራሱን ካራ ስሎ፣ እጅጌውን ሰብስቦ አባቴን በአክብሮት ያያል፤ "ልጀምር?" እንደማለት። አባቴ እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው ሰደዱና ያን ዝንጅብል መዥርጠው አወጡት።

ጎረቤታችን ወደ ኋላ አለ። ጉበቱን ቆረጡ። ጨጓራውን ቆረጡ። ጎድኑን እያንዳንዱን አጥንት ለያይተው ለየመደቡ አደረሱ። እጃቸው በስብ ተነክሮ ያበራል፤ ካራው ግን እንደተያዘ ነው። መሀል ላይ ድንገት ቆሙ። ላባቸውን ጠርገው ቀጠሉ። ዕጣው ወጣ፤ ሁሉም የደረሰውን አነሳ፤ አንድም ያጉረመረመ የለም።

ጎረቤታችን መጣና "ጋሼ፣ እስቲ ካራዎን ልየው" አለ። ያዘው። አዙሮ ያዘው። ጣቶቹ ከየጉድጓዱ ውጭ ተንጠለጠሉ። "ይሄ ነገር እኔን እንቢ አለኝ" ብሎ ሳቀ።

"ያንተ እጅ ገና ደህና ስለሆነ ነው" አሉ አባቴ። ጮክ ብለው ነው ያሉት፣ ሁሉም እየሰማ። "የኔ ዝሏል። አይጨብጥልኝም። ልጄ ናት በልኬ ያሠራችልኝ። ያንተም የዛለ ቀን ንገራት፣ ትለካሃለች።"

ጎረቤታችን ካራውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ መለሰላቸው።

"እስከዚያው እርስዎ ያካፍሉን፣ ጋሼ" አላቸው።

ሳፋውን ጥዬ እልልታዬን አቀለጥኩት። በቅርጫ እልል ብሎ የሚያውቅ ሰው የለም፤ እኔ አልኩ።