የሰኔ ጥላ

እኛ ድሬዎች በሰሜንና በደቡብ አንነጋገርም። መንገድ ለጠየቀን «በሐረር በኩል»፣ «በጅቡቲ በኩል» እንለዋለን፤ ይበቃል። እኔ የባቡር ጋራዥ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኜ እንኳ ሰሜንን የማውቀው ከትምህርት ቤት ካርታ ላይ ነበር። በዚህ የተነሳ አንድ ሰው ከተማውን አጣ።

ሰውየው በከዚራ ሰፈር ጎረቤቴ የነበሩ ግሪክ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ባቡር ጠግነው ጡረታ የወጡ፣ ሙያዬንም ያስተማሩኝ ናቸው። እንደ ፈረንሳዮቹ አጠራር «ሙሴ» እንላቸዋለን። የመንግሥት ፈቃድ ያለው ሬዲዮ ነበራቸው፤ በየዓርቡ አመሻሽ አቴንስ ካሉት ወንድማቸው ጋር ያወሩበታል። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው፣ አንቴናውን የሚያዞረውን ሞተር ጣሪያ ላይ የተከልኩት እኔ ነኝ። ታች፣ ሬዲዮው አጠገብ ያለችው የሞተሩ መቆጣጠሪያ ሳጥን መርፌዋ ሰሜን ላይ ስትቆም፣ አንቴናውም እውነተኛውን ሰሜን ማየት አለበት።

ኮምፓሱ ቆርቆሮው ላይ ሲወጣ ብረቱ ስቦት ተቅበዘበዘ።

«ተወው፣ ቱንቢ አንጠልጥል» አሉኝ ሙሴ ከታች። «እኩለ ቀን ላይ ጥላው ማጠሩን ሲያቆም፣ የወደቀበት ሰሜን ነው።»

ከአገራቸው መጽሐፍ ያነበቡት ነው፤ እዚያ የእኩለ ቀን ጥላ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ነው የሚወድቀው። ወሩ ሰኔ ነበር፤ ጥላው በሐረር ተራራ በኩል ወደቀ። ቅር አለኝ። የጋራዡ ሰዎች በሰኔ ምሳችንን ከግድግዳው በተራራው በኩል፣ በጥር ደግሞ በማዶው በኩል ነው የምንበላው። ጥላ እንደ ወሩ እንደሚዞር መቀመጫዬ ያውቅ ነበር፤ አፌ ግን ሙሴን ማረም አፈረ። «አጠረ?» ሲሉኝ «አጥሯል» ብዬ ብሎኑን አጠበቅሁ።

ከዚያ ወዲህ የወንድማቸው ድምፅ እየራቀ ሄደ። ሙሴ «አየሩ ነው» ይላሉ። የሶማሊያ ድንበር ወሬ በየቀኑ ይከፋል፣ ወታደር የጫኑ ባቡሮች በዝተዋል፤ ሰፈሩም ወደዚያ ጣሪያ ማንጋጠጥ ጀመረ። አንድ ቀን ባለ ሻይ ቤቱ ጠጋ ብሎ፣

«ወሪያ፣ ያ የጣሪያው የዓሣ አጥንት ዓርብ ዓርብ ሞቃዲሾን ነው የሚያየው። ወላሂ ለሙሴ ጥሩ አይደለም፤ ንገረው አቦ» አለኝ።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ የሰኔው ጥላ ወደ ሐረር፣ ወደ ደቡብ ነበር የወደቀው፤ አንቴናውን ፊቱን ወደ ኋላ አዙሬ ነው የተከልኩት። ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ ወጥቼ አስተካክለዋለሁ ስል ሁለት ዓርብ አለፈ። ፈራሁ። ጣሪያው ላይ ከታየሁ እኔም የምያዝ መሰለኝ።

በሦስተኛው ዓርብ አንድ መኮንን የራሱን ኮምፓስ ይዞ መጣ። ከቤቱ ራቅ ብሎ መንገድ ላይ ቆሞ ለካ፤ ከዚያ ገብቶ ሳጥኑን አየ። ሰፈሩ በሙሉ ደጃፉ ላይ ነበር።

«መርፌዎ አቴንስ ትላለች። አንቴናዎ ግን ደቡብ ምሥራቅ ነው የሚያየው። ማነው የተከለው?» አላቸው፣ በትሕትና።

ሙሴ በተጋረደው ዓይናቸው እኔ ወደቆምኩበት ዞሩ። «እኔ ራሴ» አሉ።

በዚያ ዓይን ጣሪያ መውጣት እንደማይችሉ የማያውቅ ጎረቤት የለም። እኔም ከሰዉ ጀርባ ገባሁ።

ከሳምንት በኋላ አገር ልቀቁ ተብለው በአንድ ሻንጣ በጅቡቲው ባቡር ተሸኙ። በመስኮቱ እጄን ያዙና «ጥላው በየት በኩል ነበር የወደቀው?» አሉኝ።

«በሐረር በኩል፣ ሙሴ።»

«ያን ቀን ይህን ብቻ ብትለኝ ኖሮ ይበቃኝ ነበር» አሉ።

እጄን ግን አልለቀቁም። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ መንጭቄ ያስለቀቅሁት እኔ ነኝ።