የሰገነት የቁማር ጠጠር

ሰገነት ከሟች ባሏ ከወልደ ሐዋርያት የቀራት ቅርስ አንዲት የቁማር ጠጠር ብቻ ነበረች። ሰውዬው አብዮቱ ከመፈንዳቱ በፊት አዲስ አበባ፣ ቁማር ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ነበር። ሀብታሞቹ በብር ፈንታ ጠረጴዛው ላይ ይደረድሯቸው ከነበሩት ክብ የሸክላ ጠጠሮች፣ ቤቱ ሲዘጋ ሁለቱን ኪሱ ከቶ ወጣ። አንዷን ለታላቅ ወንድሙ ለአለበል ሰጠ።

ሰገነት ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል መኝታ ቤት ታጸዳለች። አንድ ጧት ጎንበስ ስትል ጠጠሯ ከመቀነቷ ወደቀች። ለፋብሪካ ማሽን ሊገጥም መጥቶ ክፍሉ ውስጥ ያረፈው የቼኮዝሎቫኪያ ሰው፣ ፓቬል፣ አነሳትና ወደ መስኮቱ ይዟት ሄደ። ለካ እንዲህ ያለውን የሚሰበስብ ሰው ኖሯል።

«ሸክላ አይደለች? ምን ታወጣለች?» አለችው።

«ሸክላው ምንም» አለ በተሰባበረ አማርኛው። «ግን ቤቱ ተዘግቷል። ስሙ በወርቅ ቀለም አለ። ጠርዙ ደህና። ትልቁ ነገር፣ ስንት ቀረ? ብዙ ካለ ርካሽ ነው። አንድ ብቻ ከሆነ በጣም ውድ!»

«ሌላ አንዲት አለች፤ ዋርሳዬ፣ የባሌ ወንድም ዘንድ።»

«እንግዲያው ሁለቱንም አምጡ።»

በገንዘቡ የልብስ ስፌት መኪና ልትገዛ እያሰበች ፋሲሎ ሰፈር ወዳለው የአለበል ቤት ገሰገሰች። አለበል የቀበሌ አብዮት ጠባቂ ነው። ፈረንጁ ያላትን አንድም ሳታስቀር ነገረችው።

«እስቲ ያንቺን አሳዪኝ» አላት።

ሰጠችው። ደጃፉ ድንጋይ ላይ አኖራትና በጠመንጃው ሰደፍ አደቀቃት።

«አያ አለበል! ምን በደልሁህ?»

«ምንም። አሁን የኔዋ ብቻዋን ቀረች።»

ስብርባሪውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሄደች።

በማግሥቱ አለበል የራሱን ጠጠር እንድታበራለት በአመድና በሎሚ ፈትጎ ሆቴሉ ድረስ መጣ። ፓቬል አገላበጣት።

«ስሙ የት አለ?»

«አጠብኋት እኮ! አታበራም?»

«ስም ከሌላት የመንገድ ጠጠር ናት» አለና መለሰለት። ወደ ሰገነት ዞረ። «ያንቺስ?»

ነጠላዋን ፈታች። ፓቬል ስብርባሪውን አይቶ ራሱን ነቀነቀና ቁርሱ እንዳይቀዘቅዝ ወደ ምግብ ቤቱ ወረደ።

አለበል ንዴቱን የሚያሳርፍበት አላጣም። በዚያው ቀን «ከውጭ ዜጋ ጋር በስውር ትነግዳለች» ብሎ ለቀበሌው አመለከተ። ክረምቱን እስር ቤት ከረመች። ስትፈታ ሥራዋን ሌላ ሴት ይዛዋለች። የቀበሌ ቤቷንም ለአለበል ልጅ ሰጥተውባታል፤ የሷ ድስትና አልጋ ግን ከውስጥ አልወጣም።

አለበል በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» አላት፣ እየሳቀ።

ወደብ ወርዳ፣ ዓሣ እያደረቀች የምትሸጥ እህቷ ወደምትኖርበት ወደ ጎርጎራ በሚሄደው ጀልባ ተሳፈረች። ማንም አልሸኛትም።