ውሃ የጠጣ ታንኳ

ታንኳ ቀዛፊነት የጀመርሁ ቀን አያ ደመቀ መቅዘፊያ አልሰጡኝም። የዚያን ጊዜ የቁሐር ሚካኤል ታንኳ ቀዛፊዎች አለቃ እሳቸው ነበሩ። ሲሠራበት የዋለ ታንኳ አሳይተው፣ «እስቲ አንሳው» አሉኝ። ከደንገል ቄጠማ የተሠራ ስለሆነ ቀላል መስሎኝ ነበር። ወገቤ ሊቀነጠስ ጥቂት ቀረው።

«ሲውል ውሃ ይጠጣል» አሉ። «እኩለ ቀን ላይ ዛፍ አስደግፈህ ፀሐይ ታስመታዋለህ፤ የደረቀውን ሌላ ታወርዳለህ። ሥራው ይኸው ነው።»

ሰማሁ እንጂ ልብ አላልሁትም። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የተባለው ለእኔ ይመስለኛል። ክረምት የፎገራ ሜዳ ውሃ ሲሆን ወደ ወረታ የሚሻገረው ብዙ ነው። ሌላው በቀን አምስት ጊዜ ቢመላለስ እኔ ሰባት። ሰው «አንበሳ» ሲለኝ ደረቴን እነፋለሁ።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ፣ አንድ የነሐሴ ገበያ ቀን፣ ዐሥር ጊዜ ካልተመላለስሁ ብየ ፎከርሁ። ታንኳ መለወጫውን ጊዜ ሰስቼ በአንዱ ዋልሁ። ዘጠኝ ምልልስ ሞላ። ክንዴ ዛለ። ስንፍና ነው ብየ ጥርሴን ነከስሁ።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ግድም አንድ ገበሬ ሚስቱን ደግፎ መጣ። ምጥ ከያዛት ሁለት ቀኗ ነው፤ አዋላጇ ያለችው ወረታ ነው።

አያ ደመቀ የደረቀ ታንኳቸውን እያሳዩ፣ «በዚህ ውሰዳት» አሉኝ።

«የኔው ይበቃል፤ አንድ ነው የቀረኝ» አልሁና ባልና ሚስቱን አሳፍሬ ገፋሁ።

መሐል ላይ ታንኳው አልሄድ አለ። ባለ በሌለ ኃይሌ ቀዘፍሁ። ውሃው የሴትዮዋን ቀሚስ ነካ።

«ወንድሜ፣ ደረስን?» አለኝ ባሏ።

ገና ግማሽ ነበር። መጣራት ሞት መሰለኝ፤ አንበሳ ያለኝ ሰው ሁሉ ዳር ላይ ቆሞ ያያል። ሴትዮዋ ግን ሆዷን ይዛ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«አያ ደመቀ፣ ይድረሱልኝ» ብየ ጮህሁ።

ደረሱ። ታንኳ ለታንኳ አገጣጥመን ሁለቱን ወደ ደረቁ ታንኳ አሻገርናቸውና ይዘዋቸው ሄዱ። እኔ ግማሹ በሰጠመ ታንኳየ ላይ እግሬን ውሃ ውስጥ እየጎተትሁ ተመለስሁ።

በማግስቱ በሰላም መገላገሏ ተሰማ። ብቻየን ሆኜ አለቀስሁ። አያ ደመቀ አልተቆጡኝም። ታንኳየን አብረን ዛፍ ስናስደግፍ፣ «ክንድህ አልሰነፈም፤ ታንኳህ ከብዶ ነው። ለውጠህ ቢሆን ዐሥረኛውንም ትደርስ ነበር» አሉኝ።

በሌላ ገበያ ቀን ሁለት ጊዜ ታንኳ ለውጬ ዐሥራ አንድ ጊዜ ተመላለስሁ። የቆጠረልኝ የለም።

ለአዲስ ቀዛፊ የምነግረው ይህንኑ ነው። ታንኳህን ሳይከብድ ለውጥ። ካቃተህ ቶሎ ተጣራ።