«ሳሊትራል» በቁጥር ሦስት መንገድ

ባሌ ኤርሜስ ሲበላ አይቸኩልም፣ ሲጣላም አይቸኩልም። ሙዚቃው ደግሞ ከእሱም ይብሳል።

በከተማችን በኦላቫሪያ የመኪና ወንበር ልብስ ይሰፋል። የሲሚንቶ ጫኝ ሾፌሮች ደንበኞቹ ናቸው፤ «ወገቤን አዳንክልኝ» እያሉ ቋሊማ ያመጡለታል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የወንበር ስፖንጁን ግድግዳው ላይ ይደረድርና እዚያው ጋራዡ ውስጥ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ስቶነር ሮክ ይጫወታል። ሰምታችሁ የማታውቁት ከሆነ ልንገራችሁ፦ ጊታሩ የተጫነ መኪና ዳገት ሲወጣ እንደሚያጓራው ነው፣ ከበሮው ቀስ ይላል፣ የኤርሜስ ቤዝ ደግሞ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ግጥሙ በእኛው በስፓኒሽ ነው። በእንግሊዝኛ የሚዘፍኑትን «የማንን አገር አቧራ እንደሚያነሱ እንጃላቸው» ይላቸዋል።

በጋው ሲገባ የመጀመሪያ አልበማቸው አለቀ። ዋና ከተማ ያለው ሸክላ አታሚ በማግስቱ ለእረፍት ሊዘጋ ስለሆነ ዘፈኖቹ በዚያው ቀን መላክ ነበረባቸው። ያልተስማሙበት አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ የመጨረሻው ዘፈን፣ «ሳሊትራል»፤ ጨዋማ ሜዳ ማለት ነው። ኤርሜስ የጻፈው ነው፤ ብቻውን የሸክላውን አንድ ፊት ሊሞላ ምንም አይቀረው።

ጊታር የሚጫወተው ላውታሮ «ወንድሜ፣ እኔ ራሴ እየተጫወትኩት አንቀላፍቻለሁ። ግማሹ ይቆረጥ» አለው።

«የመንገድ ዘፈን ነው፤ መንገድ ላይ ይፈተን» አለ ባሌ።

በዚህ ተስማሙ። እኛ በዚያው ጠዋት ክላሮሜኮ ወደሚባለው ባሕር ዳርቻ ልንሄድ ነበር። መኪናው ውስጥ ካለነው አንዳችን ከተኛን ወይም «ቀይረው» ካልን ዘፈኑ ይቆረጣል። ማንም ዝንፍ ካላለ ሙሉውን ይታተማል። ባሌ ሐሳብ ገብቶት ያየሁት ያን ቀን ነው፤ የፔጆዋን ጎማ እየዞረ ደጋግሞ ረገጠው።

ችግሩ አብራን የምትሄደው እናቴ መሆኗ ነው። ዶኛ ኦፌሊያ የሰሜኑ ክፍለ ሀገር የኮሪየንተስ ልጅ ናት፤ አኮርዲዮን ከሌለበት ዘፈን አይመስላትም።

«ስለ ውሉ እንዳትነግሪያት» አለኝ ኤርሜስ በሹክሹክታ። «ካወቀች ለእኔ ብላ ዝም ትላለች።»

«ለአንተ ብላ? ዝም? አማትህን ገና አላወቅካትም!»

ተነሣን። እናቴ ፊት ተቀምጣ ፔርሙሱን በጉልበቶቿ መሐል ይዛ ማቴ፣ በአንድ ኩባያ በየተራ የምንጠጣውን የቅጠል ሻይ፣ ትቀዳለች። እኔ ከኋላ ከሳንድዊቾቹ ጋር። ኤርሜስ ፍላሹን ሰካ፤ ከኋላዬ ያሉት ስፒከሮች ጀርባዬን ያሹልኝ ጀመር።

በሁለተኛው ዘፈን ላይ እናቴ «ይሄ ሰውዬ ታሟል እንዴ?» አለች።

«ዘፋኙ እኔ ነኝ፣ ዶኛ ኦፌሊያ።»

«አወቅኩህ። ማር በሎሚ አድርገህ ጠጣ።» ወደ እኔ ዞራ ደግሞ «አንቺ፣ ማይክ አይደለም የያዝሽው፣ ማቴ ነው! ጠጥተሽ መልሺ!»

«ቀይረው» ግን አላለችም። ባሌ በመስታወቱ አየኝ፤ ላቡ ወርዷል።

«ሳሊትራል» የጀመረው ቤኒቶ ሁዋሬስ የምትባለውን ከተማ አልፈን፣ በቁጥር ሦስት መንገድ ላይ ነው። ግራና ቀኙ ሱፍ አበባ፣ አስፋልቱ ከሙቀት የተነሣ የሚንቀጠቀጥ። ቤዙ ብቻውን ለረጅም ጊዜ ይሄዳል፤ ምንም አይመጣም፣ አሁንም ምንም አይመጣም። ከዚያ ጊታሩ ከሩቅ እንደ ደመና ይደርሳል። ግጥሙ ትንሽ ነው፦ «ፀሐይ አትቸኩልም፤ እኔን ማን አስቸኮለኝ?»

የእናቴ ራስ ወደ መስኮቱ ዘንበል አለ። ተኛች! ማቴው እጇ ላይ ነው፤ ለማንም አታሳልፍም። ኤርሜስም አይቷታል፤ ጆሮው ቀላ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ይሄን ዘፈን ስንት ቅዳሜ በስፖንጅ መሐል ሲያንጎራጉረው ሰምቻለሁ እኮ!

ዘፈኑ አለቀ። ጸጥ።

«ቁም!» ብላ ጮኸች እናቴ። ፔጆዋ ጥግ ይዛ ቆመች።

«ምን ሆኑ?»

«ጋውቺቶውን አለፍነው! ቀዩን ጨርቅ፣ ዛፉን! ክላክስ ሳታደርግለት!»

በየመንገዱ ዳር ዛፍ ላይ ቀይ ጨርቅ የሚታሰርለትን ቅዱሱን ጋውቺቶ ሂልን በክላክስ ሰላም ሳይል የሚያልፍ ሾፌር በእኛ አገር የለም፤ ያለፈም ካሰበበት መድረሱን እንጃ። ኤርሜስ ደግሞ በሕይወቱ ዘሎት አያውቅም።

«እርስዎስ ለምን አላስታወሱኝም? ሁልጊዜ ከሩቅ አይተው የሚጮኹት እርስዎ አይደሉ?»

«እኔማ...» ማቴውን አየችው፤ ቀዝቅዟል። «እኔማ ዘፈኑን እየሰማሁ ነበራ!»

ኤርሜስ ግንባሩን መሪው ላይ አስደግፎ ይስቅ ጀመር። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔም ሳንድዊቹን አቅፌ ሳቅኩ።

«ምን ያስገለፍጣችኋል? ቅዱሱ ተቀይሞናል! በል ተመለስ!»

ተመለስን። ባሌ ሜዳው እስኪያስተጋባ ክላክሱን ለቀቀው። እናቴ ለምሳ ከያዝነው ወይን ጠጅ ለጋውቺቶው አፈሰሰችለትና ይቅርታ ጠየቀችው። ኤርሜስ እዚያው ቀዩ ጨርቅ ሥር ቆሞ ደወለ።

«ላውታሮ፣ ሙሉው ይገባል።»

«ማን ፈረደ?»

«አማቴ።»

«ዶኛ ኦፌሊያ? ሂድ እዚያ! ተኝታ ነበር በለኝ!»

እናቴ ስልኩን ነጠቀችው። «ጊታሩን የምትመታው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ዶኛ።»

«ጥሩ ነው። መጨረሻው አካባቢ ግን ትቸኩላለህ። ምን ይዞህ ነው? ቤትህ ድስት ጥደህ ነው?»

ላውታሮ ሲስቅ እኔ ካለሁበት ድረስ ተሰማኝ። «አሁኑኑ እልከዋለሁ፣ ሙሉውን» አለ።

ኤርሜስ አማቱን ጉንጯን ሳማት፤ «ላብህ!» ብላ ገፋችው። ወደ መኪናዋ ገባን፤ እናቴ ማቴውን በአዲስ ውኃ ሞላች።

«ያንን ዘፈን ከመጀመሪያው ጀምረው» አለች። «አንቺ ደግሞ ቀይ ጨርቅ እንዳያመልጠን መንገዱን እዪ፤ እኔ ሥራ አለብኝ።»