የአዲስ አበባ ባቡር ዛልቃ ላይ

ከማጸዳው የማዳሜ ቤት ወደምኖርበት ቡርጅ ሐሙድ ስመለስ ዛልቃ የሚባለው ሰፈር ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲ ውስጥ ተቀረቀርን። ከጎኔ የተቀመጡት ሊባኖሳዊት አሮጊት፣ «መንግሥት የድሮውን ባቡር ቢመልስልን ምናለ!» አሉ።

ሹፌሩ ቱግ አለ። «መብራት እንኳ መስጠት ያቃተው መንግሥት ነው ባቡር የሚደጉመው? ኸላስ፣ ይተዉት!»

አፌ አያርፍም መቼም፣ «አዲስ አበባ እኮ መንግሥት እየደጎመው በጥቂት ብር እንሳፈራለን» አልኩ።

ሁለቱም ሳቁብኝ። «ያኒ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ባቡር?» አለ ሹፌሩ።

ንድድ አለኝና እህቴ የላከችልኝን ቪዲዮ ስልኬ ላይ ከፈትኩ። ባቡሩ በድልድዩ ላይ፣ ከመኪናው ሁሉ በላይ ሽው ብሎ ሲያልፍ ሁለቱም አንገታቸውን ወደ ስልኬ አሰገጉ።

«ያ አላህ! እስቲ ድገሚው» አለ ሹፌሩ። መንገዱ ተከፍቶ ከኋላ በክላክስ ሲያደነቁሩን እንኳ አልሰማም።

አሮጊቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ሀቢብቲ፣ የኔ ውድ፣ ለልጄ እዚያ ሥራ ታገኚላታለሽ? ቤትም ቢሆን ታጸዳለች።»